አየር የሚያጎድል አሮጌ አሉሚኒየም ቸርኬ፦ ይታሸግ፣ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ሰኞ ጠዋት 32 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) አስሞልቼ የወጣሁት ጎማ ዓርብ ላይ 24 ሆኖ ይጠብቀኝ ነበር። የኋላ ግራው ነበር። ሁሌም እሱ። ሦስቱ ጎማዎች ንቅንቅ አይሉም ነበር። ምስማር አልተሰካበትም፣ ጎኑ አልተቆረጠም፣ ሲያዩት ሙሉ ጤነኛ ነው።

ይህንን ጎማ ይዤ ሦስት ጎሚስታ ጋ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ቫልቮላውን ጠበቅ አደረገና «አለቀ ጋሼ» አለኝ። ሁለተኛው በቫልቮላው በኩል ፈሳሽ ማሸጊያ ጨመረበት። ሦስተኛው ደግሞ «የውስጥ ጎማ እናስገባበትና ይገላገሉ» አለ። ሦስቱም ቅን ልጆች ናቸው። ችግሩ ሦስቱም መድኃኒቱን ያዘዙት በሽተኛውን ሳያዩ መሆኑ ነው። አራተኛው ጎማውን ሙሉ በሙሉ ከቸርኬው ሲያወጣው የቸርኬው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ዙሪያውን ተጋግሮ አገኘን። ቀለሙ ተነስቷል፣ ብረቱ ተበልቷል። አየሩ በዚያ በኩል እያሾለከ ነበር።

መኪናዬ በ2003 እ.ኤ.አ. የተሠራች ኮሮላ ናት፤ ቸርኬዎቿም አብረዋት ያረጁ ናቸው። እንደኔ ያለ ሰው ብዙ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ያለችውን እያስታመሙ መንዳት የብዙዎቻችን ዕጣ ሆኗል። ስለዚህ ያሉትን አማራጮች ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፤ «የትኛው ጥገና ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ «አየሩ የሚወጣው ከየት ነው?» የሚለው ሳይመለስ መልስ የለውም።

ስንት ሲጎድል ነው ችግር የሚሆነው?

ጤነኛ ጎማም ይጎድላል። ጎማ ራሱ አየር በጥቂቱ ያሳልፋል፤ በወር ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ መቀነስ የተለመደ ነው። ብርድም ያወርደዋል። ሙቀቱ በ6 ወይም በ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀንስ ወደ 1 ፒኤስአይ ገደማ ይወርዳል። ቀን ፀሐይ ላይ የለካችሁትን በኅዳር ንጋት ብትለኩት ልዩነቱ ያስደነግጣችኋል፤ ግን ቀዳዳ የለም።

ከፍታም የራሱ ቀልድ አለው። መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ስለምትል የውጭው አየር ቀለል ያለ ነው። እዚህ 32 የነበረ ጎማ ጅቡቲ ወደብ ሲደርስ፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን ኖሮ፣ ወደ 28 ወይም 29 ይጠጋ ነበር። የቆላው ሙቀት ግን መልሶ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ቆላ ወርዳችሁ በተመለሳችሁበት ሳምንት በለካችሁት ቁጥር ጎሚስታ አትክሰሱ።

ትክክለኛው ፈተና ቀላል ነው። አራቱንም ጎማ ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳ፣ በአንድ መለኪያ ለኩ። ለሰባት ቀን ቁጥሩን ጻፉ። አራቱም እኩል ከወረዱ አየሩና ብርዱ ነው። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ በሳምንት 2 ወይም 3 ከወረደ ቀስ ብሎ የሚያስወጣ ቦታ አለ። በአንድ ሌሊት ግማሹን የሚጥል ከሆነ ደግሞ ይህን ጽሑፍ አቁማችሁ ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) አስገቡ።

እየነፉ መኖርስ? እኔ ለአምስት ወር አድርጌዋለሁ። ከመጋቢት እስከ ነሐሴ። በሲጋራ መለኮሻው የምትሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ከኋላ ይዤ እዞር ነበር። በወር 3 ወይም 4 ለሚጎድል ጎማ ይህ ነውር የለውም። በሳምንት 8 ለሚጎድል ግን ትልቅ ቁማር ነው። አሜሪካ ውስጥ ከመስከረም 2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዳዲስ ቀላል መኪኖች ሁሉ የጎማ አየር ጠቋሚ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል፤ መብራቱ መብራት ያለበት አየሩ ከታዘዘው በ25 በመቶ ሲወርድ ነው። ከ32 ላይ 25 በመቶ ስትቀንሱ 24 ነው፤ ዓርብ ዓርብ አገኘው የነበረው ቁጥር። አየር ያነሰው ጎማ ጎኑ እየታጠፈና እየተዘረጋ ይግላል። ሰፈር ውስጥ ምንም አይመስልም። የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ በ120 ስትበሩ ግን ያ ሙቀት ጎማውን ሊበትነው ይችላል።

ቀዳዳውን መፈለግ

ጎሚስታ ቤት ያቺ የተቆረጠች በርሜል አለች። ጎማውን ውኃው ውስጥ ነክሮ አንዴ አዙሮ «ምንም የለውም» ይላችኋል። ለምስማር ይህ ይበቃል። ለቸርኬ አይበቃም። ከተበላ ቸርኬ የሚወጣው አየር ትልቅ አረፋ ሠርቶ አይንቦጫቦጭም። እንደ ቡና አረፋ ቀስ ብሎ፣ ከአንድ ጠርዝ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚከማቸው።

ስለዚህ እንዲህ አስደርጉ። ጎማው ከመኪናው ይውጣ። እስከ 40 ፒኤስአይ ይሞላ። መጀመሪያ ቫልቮላው ጫፍ ላይ ምራቅ ወይም የሳሙና ውኃ፤ ከዚያ ቫልቮላውን በጣት ገፋ እያደረጋችሁ ሥሩ ላይ። ቀጥሎ ጎማው መሬት ላይ ይጋደምና ጎማና ቸርኬ በሚገናኙበት ዙሪያ ወፍራም የሳሙና ውኃ ይፍሰስ። አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ቡና ጠጡ። ከዚያ ገልብጡትና በሌላው በኩል ድገሙ። ውስጠኛው ጎን፣ ማለትም መኪናው ሥር የሚውለው፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው፤ ጭቃውም የፍሬን ብናኙም የሚከማቸው እዚያ ነው፣ ማንም አያጥበውም። በመጨረሻ የቸርኬውን እጆች ጀርባና የቸርኬውን ክብ ሆድ አርጥቡ። አረፋ ያያችሁበትን በጠመኔ ምልክት አድርጉ።

አረፋው የሚነግራችሁ እንዲህ ነው። ከቫልቮላው ከወጣ ዕድለኛ ናችሁ። ከጎማና ከቸርኬ መገናኛ ከወጣ ዝገት ወይም ጉብጠት ነው። ከብረቱ ፊት ላይ፣ ከመሃል፣ እንደ ላብ ብቅ ካለ ብረቱ ራሱ ቀዳዳዎች አሉት። በመስመር ከተሰለፈ ስንጥቅ ነው። አራቱ አራት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። አንድ ዓይነት መድኃኒት አያድናቸውም።

ጥርጣሬው ጎማው ነው ወይስ ቸርኬው ከሆነ ደግሞ ስኮርታ ትረዳለች። ብዙ አሮጌ ኮሮላ ውስጥ ያለችው ስኮርታ የብረት ቸርኬ ላይ ናት። ልኩ አንድ ከሆነ የሚያጎድለውን ጎማ እሷ ቸርኬ ላይ አስገጥሙት። እዚያ ላይ አየሩን ይዞ ከቆየ ጥፋቱ የቸርኬው ነው።

ቫልቮላ፦ መጀመሪያ፣ ሁልጊዜ

ይህን በአጭሩ እናልፈዋለን። የላስቲክ ቫልቮላ ያረጃል። ጎንበስ ስታደርጉት ሥሩ ላይ ትናንሽ ስንጥቆች ካያችሁ ዕድሜው አልቋል። ዋጋው ከሁሉም አማራጮች ትንሹ ነው። ጎማ በተፈታ ቁጥር ቫልቮላ አብሮ ይቀየር፤ «ይኼ ደህና ነው» ብላችሁ አትቆጥቡ። ቫልቮላው የሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያም ዝገት ካለ መጽዳት አለበት፤ አለበለዚያ አዲሱም በዚያው ያሾልካል።

የአየር ጠቋሚ ያላቸው መኪኖች ላይ ግንዱ አሉሚኒየም የሆነ ቫልቮላ አለ። እሱ ላይ የነሐስ ክዳን አትግጠሙ። ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ሲያገኙ ይበላላሉና ክዳኑ አልፈታም ይላል። የፕላስቲክ ክዳን ይበቃል።

ዋናው ጉዳይ፦ የተበላው ጠርዝ

ቱቦ (የውስጥ ጎማ) የሌለው ጎማ አየሩን የሚይዘው በከንፈሩ ነው። ጠንካራው የጎማ ከንፈር የቸርኬው ጠርዝ ላይ ተጭኖ ይቀመጣል፤ ሌላ ማሸጊያ የለም። ጠርዙ ለስላሳ ከሆነ ለዓመታት ይይዛል። ሸካራ ከሆነ ግን አየሩ መንገድ ያገኛል።

አሉሚኒየም አይዝግም ይባላል። እውነቱ እንዲህ ነው። በራሱ ላይ ቀጭን ሽፋን ሠርቶ ራሱን ይጠብቃል። ነገር ግን ቀለሙ አንድ ቦታ ሲቧጠጥ፣ ከሥሩ ውኃና ጨው ሲገባ፣ ብረቱ ወደ ነጭ ዱቄት ይለወጣል። ዱቄቱ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ ቀለሙን ከሥሩ እየገፋ ያነሳዋል፣ የጎማውንም ከንፈር ይገፋል። በመዶሻ የሚሰካው የባላንስ እርሳስ (ጎማው ሲዞር እንዳይንቀጠቀጥ የሚደረገው ትንሽ ክብደት) የብረት መቆንጠጫው ቀለሙን ሲጭር ደግሞ በሽታው ከዚያው ይጀምራል። የኔ ቸርኬ ላይ የባሰው ቦታ ልክ የድሮው እርሳስ የነበረበት ነው።

ጨው ያልኩት ለእኛ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ማንም ጨው አይበትንም። ግን ብዙዎቹ መኪኖቻችን ወደዚህ የመጡት የባሕር ጠረፍ እርጥበትና ጨው ካለባቸው የባሕረ ሰላጤ አገሮች ወይም በረዶ ላይ ጨው ከሚበተንባቸው የአውሮፓ መንገዶች ነው። በሽታውን ይዘውት ነው የመጡት። ሚኒሶታ ወይም ዋሽንግተን ዙሪያ ኡበር የምትነዱ ዘመዶቻችን ይህን ከኛ በላይ ታውቁታላችሁ። እዚህ ደግሞ አንዳንድ ላቫጆ ቸርኬ እንዲያበራ የሚረጩት ጠንካራ አሲድ የጨውን ሥራ ይሠራል።

ለዚህ በሽታ የሚቀርቡላችሁ አራት ነገሮች አሉ። በደንብ ልዩነታቸውን እንይ።

አንደኛ፣ በቫልቮላ የሚጨመር ፈሳሽ። ይህ የተሠራው ለምስማር ቀዳዳ ነው። ጎማው ሲዞር ፈሳሹ ወደ ውጭ፣ ወደ መርገጫው ይወረወራል። የተበላው ጠርዝ ግን ያለው ወደ ውስጥ፣ ወደ መሃል ነው። ስለዚህ አንዳንዴ ለሳምንት ይይዝላችሁና ተመልሶ ይለቃል። እስከዚያው ባላንሱን ያበላሻል፣ ቸርኬውን ያረጥባል፣ ጠቋሚ ካለም ይደፍነዋል። በኋላ ጎማውን የሚፈታው ልጅም ይረግማችኋል፤ እውነቱን ነው። መንገድ ላይ ቀርታችሁ ቤት ለመድረስ ከሆነ ተጠቀሙበት። እንደ ጥገና ግን አይደለም።

ሁለተኛ፣ የውስጥ ጎማ ማስገባት። ይህ እኛ አገር በጣም የተወደደ ነው፣ ምክንያቱም ወዲያው ይሠራል። ችግሩ ከወራት በኋላ ይመጣል። ቱቦ ለሌለው ተብሎ የተሠራ ጎማ ሆዱ ሻካራ ሊሆን ይችላል፤ ቱቦው ከሱ ጋር ይፋተጋል፣ ይግላል። ቱቦ የሌለው ጎማ ምስማር ሲገባበት ቀስ ብሎ ይጎድላል፤ ቱቦ ያለው ግን አንዴ ይፈነዳና መሪው ከእጃችሁ ይወጣል። ከሁሉም በላይ ቸርኬው ተሰንጥቆ ከሆነ ቱቦው ስንጥቁን ይደብቀዋል። ከከተማ ለማይወጣ፣ በ50 ለሚነዳ፣ መኪናውን ሊሸጥ ለተቃረበ ሰው «ይሁን» እላለሁ፤ ገዢው ግን ይነገረው። ከከተማ ለሚወጣ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ማሸጊያ ብቻ መቀባት። ጎማው ከጠርዙ ይለቀቃል፣ ጥቁር ወፍራም የጠርዝ ማሸጊያ ይቀባል፣ ይመለሳል። ፈጣን ነው። እኔ መጀመሪያ ያስደረግሁት ይህንን ነበር፤ አራት ወር ያዘልኝ። ከሥሩ ያለው ዱቄት ማደጉን ስለማያቆም ማሸጊያው ከቆሻሻው ጋር አብሮ ይነሳል።

አራተኛ፣ ጠርዙን ማጽዳትና ከዚያ ማሸግ። ይህ ነው የምመክረው። ወጪው ከሦስተኛው ብዙም አይበልጥም፤ የሚበልጠው ትዕግሥቱ ነው። ጎሚስታው የሚጠላውም ለዚህ ነው። በአንድ ጎማ አንድ ሰዓት ይበላበታል። ዋጋውን አስቀድማችሁ ተስማሙና ለሰዓቱ ክፈሉት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጎማው ከመፈታቱ በፊት ከቫልቮላው ትይዩ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረግ፤ ሲመለስ በቦታው እንዲገጥም። ጎማው ሙሉ በሙሉ ይውጣ። የቸርኬው ሁለቱም ጠርዝ፣ የውጭውም የውስጡም፣ ዙሪያውን በሽቦ ብሩሽ ይፈተግ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፤ መጀመሪያ ሻካራው፣ ቀጥሎ ለስላሳው። የመጨረሻው ማለፊያ በድስት ማጠቢያ አረንጓዴው ሸካራ ስፖንጅ ቢሆን ጥሩ ነው። ጥፍራችሁን ጠርዙ ላይ ስታንሸራትቱ መሰናከል የለበትም። ማብራት አይጠበቅበትም።

ግራይንደር ይዞ የሚመጣ ልጅ ካያችሁ እጁን ያዙት። ግራይንደር ጤነኛውን ብረት ይበላና ጎድጓዳ ቦታ ይተዋል። ጎድጓዳውን ምንም ማሸጊያ አይሞላውም።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። የተራቆተ አሉሚኒየም እንደዚያው ከተተወ በሽታው ከአንድ ክረምት በኋላ ይመለሳል። ጠርዙን በአልኮል ጥረጉና ለአሉሚኒየም የሚሆን ፕራይመር (የመሠረት ቀለም) በስሱ ቀቡበት። በስሱ ነው። ወፍራም ቀለም የጎማው ከንፈር ሲጫነው ይላጣል። እስከ ማግስቱ ይድረቅ። የጎማው ከንፈርም ይጽዳ፤ የተጣበቀ ዱቄትና አሮጌ ላስቲክ ይኖርበታል። ከዚያ የጠርዝ ማሸጊያው በስሱ ይቀባል፣ አዲስ ቫልቮላ ይገባል፣ ጎማው ይመለሳል።

ጎማው እንዲንሸራተት ኦሞ የተበጠበጠበት ውኃ አያፍስሱበት። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት አሉሚኒየምን ይበላል፤ ያጸዳችሁትን በዚያው ታበላሹታላችሁ። የጎማ ቅባት ይጠቀሙ። ከንፈሩ ጠርዙ ላይ «ጧ» ብሎ እንዲቀመጥ ሲነፋ ደግሞ ከ40 ፒኤስአይ አይለፍ። አልቀመጥ ካለ አየሩን አውጥቶ እንደገና ማቀባት ነው እንጂ እስከ 60 መግፋት የሰው እጅ ያስከፍላል።

ይህንን ካስደረግሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ያ የኋላ ግራ ጎማ አሁን በወር 1 ተኩል ገደማ ነው የሚጎድለው፣ እንደ ወንድሞቹ።

ብረቱ ራሱ ሲያልበው

አብዛኛው አሉሚኒየም ቸርኬ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ነው። በውስጡ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ሊቀሩ ይችላሉ። አዲስ ሳለ ቀለሙ ይደፍናቸዋል። ቀለሙ ሲያረጅ አየሩ ያገኛቸዋል። አረፋው ከብረቱ ፊት በአንድ ነጥብ ብቅ ካለ ይህ ሊሆን ይችላል።

ጥገናው ከውስጥ ነው። ጎማው ይወጣል፣ ቦታው እስከ ብረቱ ይጸዳል፣ ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚሠራ ኤፖክሲ በስሱ ይቀባበታል። ከውስጥ ሲሆን የጎማው አየር ራሱ ኤፖክሲውን ብረቱ ላይ ይጫነዋል። ከውጭ ከተቀባ ግን አየሩ ገፍቶ ይገነጥለዋል። ከውጭ ሲቀባላችሁ ዝም ብላችሁ አትዩ።

ግን መጀመሪያ ስንጥቅ አለመሆኑን አረጋግጡ። የድሮ መካኒኮች ዘዴ አለ። ቦታው ይጽዳና ነጭ ጋዝ ይቀባ። ጥቂት ቆይቶ በደንብ ይጠረግ። ከዚያ የተፈጨ ጠመኔ ይነስነስበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ጋዝ ጠመኔውን እያረጠበ ቀጭን መስመር ይሠራል። መስመር ካያችሁ ኤፖክሲውን መልሱት።

የተጎዳና የተሰነጠቀ

በክረምት ውኃ የሞላው ጉድጓድ ጥልቀቱን አያሳይም። ውስጠኛው ጠርዝ ይታጠፋል፤ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። ባላንስ ማሽን ላይ አስዙራችሁ እዩት፤ ጠርዙ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ይታያል። ቀለል ያለ መታጠፍ በማሽን ተጭኖ ሊስተካከል ይችላል። በመዶሻ አይደለም። የብረት ቸርኬ በመዶሻ ይመለሳል፤ አሉሚኒየም ግን ይሰነጠቃል። በእሳት አግሎ ማቃናትም የባሰ ነው። ቸርኬው ጥንካሬ ያገኘው በፋብሪካ በተለካ ሙቀት ነው፤ ያንን በእሳት ስትነኩት ይለሰልሳል። ዓይን ያንን አያይም።

ስለ ስንጥቅ ብዙ አልልም። አርጎን ብየዳ የሚሠሩ ጎበዞች አሉ፤ ብየዳው ያማረ ሊሆን ይችላል። ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረት ግን በዚያው ሙቀት ደክሟል። ቸርኬው ዕድሜ ልኩን የሚደበደበው እዚያ ነው። እጁ ላይ ወይም ቡሎኖቹ ዙሪያ የተሰነጠቀ ቸርኬ አይበየድም፣ አይታሸግም፣ ቱቦ አይገባበትም። ይጣላል።

መቀየር፦ ከድጡ ወደ ማጡ እንዳይሆን

የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ያገለገለ አሉሚኒየም ቸርኬ ታገኛላችሁ። እሱም እንደናንተው ያረጀ ነው። ያንኑ በሽታ ሊሸጥላችሁ ይችላል። ስለዚህ ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን እዩ። ጠርዙን በጥፍር ዳሱ። ነጭ ዱቄት፣ የብየዳ ምልክት፣ አዲስ የተቀባ ቀለም ካያችሁ ተጠራጠሩ። አዲስ ቀለም ብዙ ኃጢአት ይሸፍናል። ጄደብሊውኤል የሚል ምልክት ያለበት የጃፓን መስፈርት ያሟላ ነው፤ ካገኛችሁ ይመረጣል።

ልኩ ከዋጋው በላይ ያደክማል። የኮሮላን ነገር ላውራችሁ። ከ2000 እ.ኤ.አ. በኋላ በነበረው ትውልድ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው አምስት ቡሎን ነው፤ ቡሎኖቹ የሚዘረጉበት ክብ 100 ሚሊ ሜትር ነው። ለሌላው ዓለም የተሠራው ተመሳሳይ ኮሮላ ግን አራት ቡሎን ነው፣ ክቡ ያው 100። ከቀጣዩ ትውልድ ደግሞ አምስት ቡሎንና 114.3 የሆኑ አሉ። መልኳ አንድ የሚመስል መኪና ቸርኬዋ ላይገጥም ይችላል። ሻጩ «ይገባል፣ ይገባል» ይላል። የራሳችሁን ቸርኬ ይዛችሁ ሂዱ። የመሃሉን ቀዳዳ ስፋት፣ የስፋቱን ቁጥርና ከጀርባው የተጻፈውን ኢቲ (ET) የሚለውን ቁጥር፣ ማለትም ቸርኬው ምን ያህል ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እንደሚቀመጥ የሚነግረውን፣ አመሳክሩ።

ሌላው አማራጭ የብረት ቸርኬ ነው። ከባድ ነው፣ መልኩም አያምርም። ግን ጉድጓድ ሲመታው ይታጠፋል እንጂ አይሰነጠቅም፣ በየመንደሩ ይቃናል፣ ርካሽ ነው። ቀን ሙሉ ሲሠሩ ለሚውሉ መኪኖች ከሁሉም የምመርጠው እሱን ነው። እሱም ይዝጋል፤ ጠርዙ ግን በቀላሉ ይጸዳል። የፕላስቲክ መሸፈኛ ብታደርጉበት ማን ያውቅባችኋል።

እዚህ ጋ አንድ አደገኛ ስህተት አለ። ብዙ የቶዮታ ኦሪጅናል አሉሚኒየም ቸርኬዎች የሚጠቀሙት ዳዶ (ቡሎኑ ላይ የሚጠብቀው) ወገቡ ረዥም፣ ራንዴላ ያለው፣ መቀመጫው ጠፍጣፋ ነው። የብረት ቸርኬ ግን እንደ ሾጣጣ ጫፉ የጠበበ ዳዶ ይፈልጋል። የአንዱን ለሌላው ብትጠቀሙ የጠበቀ ይመስላል፤ መንገድ ላይ ይለቃል። ቸርኬ ስትቀይሩ ዳዶውም አብሮ ይቀየር። ብረቱ ስኮርታ ላይ የሚያስፈልገውን ዳዶም መኪናው ውስጥ ያዙ። እኔ ይህን የተማርኩት ጎማ በሚንቀጠቀጥበት ሌሊት ነው፤ አልመኝላችሁም።

በአንድ ወገን፣ ማለትም ከፊት ወይም ከኋላ፣ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ቸርኬ ይሁን። አንዱ ጎን አሉሚኒየም፣ አንዱ ጎን ብረት አታድርጉ።

እኔ ብሆን

ከከተማ የማልወጣና መኪናዋን በዚህ ዓመት የምሸጥ ብሆን ቫልቮላ እቀይርና ማሸጊያ አስቀባለሁ፤ ሳምንት ሳምንት እለካለሁ። ከከተማ የምወጣ ብሆን ጠርዙን አጸዳለሁ፣ ፕራይመር አስደርጋለሁ። ከአራቱ ቸርኬ ሦስቱ ካስወጡ፣ አንዱም የተጎዳ ከሆነ፣ ጊዜዬን አላባክንም፤ አራት የብረት ቸርኬ ከነዳዶው እገዛለሁ። ቀለሙን እስከ መጨረሻው አስነስቶ በዱቄት ቀለምና በምድጃ እንደገና ማስቀባት የሚያምር ሥራ ነው፤ ለሚወዷት መኪና ካልሆነ ግን ዋጋው አያዋጣም።

የጎማውን የራሱንም ዕድሜ እዩ። ጎኑ ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው። 2315 ካለ በ2015 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ነው። እንዲህ ላረጀ ጎማ ቸርኬ ማጽዳት ገንዘብ መጣል ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጉት።

ሲጨረስ ዳዶው በእጅ ተይዞ፣ በመስቀል፣ ተራ በተራ ይጥበቅ። ለኮሮላ የሚታዘዘው 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ በእግር መርገጥ አይጠበቅበትም። ከ50 ወይም 100 ኪሎ ሜትር በኋላ ተመለሱና እንደገና አስጠብቁት። ከዚያ ያቺን የሰባት ቀን ደብተር እንደገና ክፈቷት፤ ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳ፣ በዚያው መለኪያ።